ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገው ባንኩ ሲያተርፍ ነው

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2023 ሐሙስ ነበር። በዚያ ቀን የሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች 42 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። በአንድ ቀን። በር የሰበረ የለም። ብዙዎቹ ከወንበራቸው ሳይነሱ ስልክና ኮምፒውተራቸውን እየነካኩ ነው ያወጡት። ለማግስቱ ደግሞ ሌላ 100 ቢሊዮን ዶላር ለመውጣት ተራ ይዟል። ባንኩ ይህን የሚከፍልበት ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። አርብ ጠዋት ተቆጣጣሪዎች ዘጉት። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የመንደር ብድርና ቁጠባ አይደለም። በ2022 መጨረሻ 209 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሀብት የነበረው፣ በአሜሪካ በትልቅነት 16ኛ የሆነ ባንክ ነው። የሚገርመው ደግሞ የጣለው ነገር ነው። የተጭበረበረ ብድር አይደለም። ቁማር ቤት የሚያስመስል ጨዋታም አልነበረም። ባንኩን የጣለው በአብዛኛው የአሜሪካ መንግሥት ዋስ የሆነለት ቦንድ ነው። በዓለም ላይ ከዚያ የበለጠ አስተማማኝ ወረቀት የለም ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮሮና ጊዜ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ገንዘብ ተትረፈረፋቸው። ወስደው ሲሊከን ቫሊ ባንክ አስቀመጡት። ባንኩም ወለድ ዜሮ አጠገብ በነበረበት ሰዓት በዚያ ገንዘብ የረጅም ጊዜ ቦንድ ገዛ። ከዚያ የዋጋ ንረቱ መጣ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ማለትም ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ወለዱን በአንድ ዓመት ውስጥ ከዜሮ አካባቢ አንስቶ ከ4.5 በመቶ በላይ አደረሰው። አዲስ ቦንድ 4 በመቶ እየከፈለ፣ አንተ 1.5 በመቶ የሚከፍል አሮጌ ቦንድ ይዘህ ገበያ ብትወጣ ማን በሙሉ ዋጋ ይገዛልሃል? ቦንዱን እስከ መክፈያ ቀኑ ይዘህ መቆየት ከቻልክ ችግር የለም፣ ገንዘብህ ይመለሳል። አስቀማጩ አሁን ስጠኝ ካለህ ግን አለቀልህ።

አስቀማጩ ደግሞ ስጠኝ አለ። ማርች 8 ባንኩ ራሱ 21 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩንና ካፒታል እያፈላለገ መሆኑን ተናገረ። ከተቀማጩ ገንዘብ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መንግሥት ዋስ ከሚሆንለት የ250 ሺህ ዶላር ጣሪያ በላይ ነበር። ዋስ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። እኔም ብሆን አልጠብቅም።

ይህን ያህሉ የባንኩ ጥፋት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን ነው። ተቆጣጣሪው የት ነበር?

እዚያው ነበር። ሁሉንም አይቷል። ባንኩ ሲዘጋ በፌዴራል ሪዘርቭ ተቆጣጣሪዎች ተጽፈው ገና ያልታረሙ 31 ማስጠንቀቂያዎች መዝገቡ ላይ ነበሩበት። በ2022 ስምንት ወር ያህል ባንኩ ዋና የስጋት ኃላፊ አልነበረውም። ወንበሩ ባዶ ነበር። ይህንን ያወቅነው ከጋዜጣ ሐሜት አይደለም። ፌዴራል ሪዘርቭ ራሱ፣ በቁጥጥር ጉዳይ ምክትል ሊቀ መንበሩ በማይክል ባር በኩል፣ ኤፕሪል 28 ቀን 2023 ባወጣው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የራሱን ቤት አልማረም። ሠራተኞቹ ችግሩን ቢያዩም ጠንከር ብለው አላስገደዱም ይላል። ያላስገደዱበት ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም። ከላይ የመጣው መንፈስ ‘ባንኮቹን አታስጨንቋቸው’ የሚል ነበር። በነገራችን ላይ የዚያው ባንክ ሥራ አስፈጻሚ ግሬግ ቤከር፣ ባንካቸው እስኪዘጋ ድረስ፣ ባንካቸውን በሚቆጣጠረው በሳን ፍራንሲስኮ ፌዴራል ሪዘርቭ የቦርድ ወንበር ነበራቸው። ሕጉ ይፈቅዳል። ሕጉ ይህን መፍቀዱ ራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

መንፈሱ ከየት መጣ? ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ በወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ መሠረት፣ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያለው ባንክ ሁሉ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ይደረግበት ነበር። በየጊዜው ይፈተናል። ‘ወለድ ቢጨምርስ? ደንበኛ ቢሸሽስ?’ ይባላል። በ2015 ቤከር ለአሜሪካ ሴኔት ጽሑፍ አቀረቡ። የባንካችን የሥራ ዓይነት ስጋቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጣሪያው ከፍ ይበልልን የሚል ነበር። እሳቸው ብቻ አልነበሩም፣ የመካከለኛ ባንኮች ሎቢ በሙሉ ይገፋ ነበር። በሜይ 2018 ተሳካላቸው። ጣሪያው ወደ 250 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ሕጉ ከሪፐብሊካኖችም ከዴሞክራቶችም ድምፅ አግኝቷል። ሲሸጥ የነበረው ‘ትንንሽ የገጠር ባንኮች በወረቀት ብዛት ታፈኑ’ በሚል ወሬ ነው። 209 ቢሊዮን ዶላር የያዘ ባንክ በየትኛው ገጠር እንዳለ እንጃ።

ሲሊከን ቫሊ ባንክ በተዘጋ በሁለተኛው ቀን የኒው ዮርኩ ሲግኔቸር ባንክም ተዘጋ። የሲግኔቸር ቦርድ አባል ከነበሩት አንዱ ባርኒ ፍራንክ ናቸው። አዎ፣ በስማቸው ሕጉ ‘ዶድ ፍራንክ’ የተባለው ሰውዬ። ከምክር ቤት ከወጡ በኋላ ቦርዱን ተቀላቅለው፣ የ50 ቢሊዮኑ ጣሪያ ከፍ ቢል ጥሩ ነው ሲሉ ቆይተዋል። ክፉ ሰው ናቸው ለማለት አይደለም። ሕጉን የጻፈው ሰው እንኳ ጥቂት ጥሩ ዓመታት ካለፉ በኋላ አጥሩ በዛ ማለቱ ነው የሚያስገርመኝ።

የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ እዚህ ላይ ነው። የባንክ ቁጥጥር የሚላላው ባንኮች ሲከስሩ አይደለም፣ ሲያተርፉ ነው። በቀውስ ጊዜ ሁሉም ይቆጣል፣ ሕግ ይወጣል። ከዚያ አምስት ስድስት ዓመት ምንም አይፈጠርም። ምንም ያልተፈጠረው በሕጉ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ያንን ግን ማንም አያነሳም። ‘ምንም ላልተፈጠረ ነገር ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን?’ የሚለው ይበዛል።

ከዚህ የባሰውን ለማየት ወደ ኋላ ወደ 1998 መሄድ ይበቃል። ብሩክስሊ ቦርን የሚባሉ የሕግ ባለሙያ በዋሽንግተን የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ነበሩ። ትንሽ መሥሪያ ቤት ናት፣ ያኔ ብዙ ሰው አያውቃትም። ቦርን በባንኮች መካከል ከአክሲዮን ገበያ ውጭ፣ በጎን፣ የሚደረገው የዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ዋጋቸው ከሌላ ነገር ዋጋ ጋር የታሰረ ውሎች፣ ንግድ አሳሰባቸው። ማን ለማን ምን ያህል እንደሚከፍል የሚያውቅ አካል የለም። መዝገብ የለም። ሜይ 1998 ላይ አንድ ሰነድ አወጡ። ሕግ እንኳ አልነበረም። ‘ይህ ንግድ ቁጥጥር ያስፈልገዋል ወይ?’ የሚል የጥያቄዎች ዝርዝር ነው።

ጥያቄ መጠየቃቸው ብቻ አገር አናወጠ። የግምጃ ቤት ሚኒስትሩ ሮበርት ሩቢን፣ የፌዴራል ሪዘርቩ አለን ግሪንስፓንና የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው አርተር ሌቪት ወዲያውኑ በጋራ መግለጫ ተቃወሟቸው። የሚኒስትሩ ምክትል ላሪ ሰመርስም ምክር ቤት ቀርበው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር፣ በዴሪቬቲቭ የተጠመደው ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለ ፈንድ ተንኮታኮተ። 14 የፋይናንስ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ነው ገበያውን ይዞ እንዳይወድቅ ያደረጉት። ‘ቦርን ልክ ነበሩ’ ይባላል ብለህ ትጠብቃለህ። ምክር ቤቱ ግን በተቃራኒው መሥሪያ ቤታቸው በጉዳዩ ላይ ለስድስት ወር እጁን እንዲሰበስብ አዘዘ። ሴትዮዋ በ1999 ለቀቁ። በ2000 መጨረሻ ይህ ንግድ ከቁጥጥር ውጭ እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ ጸደቀ።

ስምንት ዓመት አልሞላም። የዓለም ትልቁ ኢንሹራንስ ከሚባሉት አንዱ የነበረው ኤአይጂ በአሜሪካዋ ኮኔቲከትና በለንደን በድምሩ 400 የማይሞሉ ሰዎች የሚሠሩበት ክፍል ነበረው። ከመቶ ሺህ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በነዚህ ሰዎች ተያዘ። ሥራቸው ክሬዲት ዲፎልት ስዋፕ መሸጥ ነበር። ባንኮች የቤት ብድር ቦንድ ይገዛሉ፣ ‘ብድሩ ካልተከፈለ እኔ እከፍላለሁ’ የሚል ውል ደግሞ ከኤአይጂ ይገዛሉ። ዕድር ያለው ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በየወሩ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ለቅሶ ሲመጣ ይከፈላል። ኤአይጂ መዋጮውን እየሰበሰበ ለአለቆቹ ጉርሻ የሚከፍል፣ ሳጥኑ ግን ባዶ የሆነ ዕድር ነበር። ተራ ኢንሹራንስ ቢሸጥ ኖሮ ሕጉ መጠባበቂያ ያዝ ይለው ነበር። ይህን ውል ግን የ2000ው ሕግ ከቁጥጥር አውጥቶታል። እና በ2008 ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሳምንት ለቅሶ ተቀመጠ።

ሴፕቴምበር 15 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ባንክ ወደቀ። በማግስቱ መንግሥት ለኤአይጂ 85 ቢሊዮን ዶላር አበደረ። የድጋፉ ጠቅላላ ጣሪያ በኋላ 182 ቢሊዮን ገደማ ደርሷል። ገንዘቡ ኤአይጂ ዘንድ አልቆየም። አለፍ ብሎ ውል ለገዙት ባንኮች ሄደ። ለጎልድማን ሳክስ 12.9 ቢሊዮን፣ ለፈረንሳዩ ሶሲዬቴ ዤኔራል 11.9 ቢሊዮን፣ ለጀርመኑ ዶይቸ ባንክ 11.8 ቢሊዮን። ከእያንዳንዱ ዶላር አንድም ሳንቲም ሳይቆረጥ። በማርች 2009 ያ ክፍል ለሠራተኞቹ 165 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ሊከፍል መሆኑ ሲሰማ አሜሪካ በንዴት ጦፈ። ግሪንስፓን በኦክቶበር 2008 ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ዓለምን ያዩበት በነበረው አስተሳሰብ ላይ እንከን ማግኘታቸውን ተናገሩ። አስተሳሰቡ አርባ ዓመት አብሯቸው የኖረ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያንን ጊዜ አይረሱትም። ለመጀመሪያ ሁለት ዓመት አነስተኛ ወለድ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ገበያው የሚለዋወጥ የቤት ብድር በየሰፈሩ ይታደል ነበር። ታክሲ እየነዳ፣ ፓርኪንግ እየሠራ ቤት የገዛ ስንቱ ነው። የወር ክፍያው ሲዘል፣ የቤቱ ዋጋ ሲወርድ፣ ሥራውም ሲቀዘቅዝ ቁልፉን ለባንክ አስረክቦ ወጣ። ለንደን ያለ ቢሮ ውስጥ ምን ውል እንደተፈረመ የሚያውቀው ነገር የለም። በ2009 መጨረሻ አካባቢ ከአሥር አሜሪካዊ ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥ ነበር። ወደ አገር ቤት የሚላከው ብርም አብሮ ሳሳ።

‘መንግሥት እኮ ገንዘቡን አስመልሷል’ የሚል ሙግት አለ። እውነት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከኤአይጂ በመጨረሻ 22.7 ቢሊዮን ዶላር አትርፌ ወጥቻለሁ ብሏል። ይህን የሚክዱ ሰዎች ጉዳያቸውን ያበላሻሉ። ግን ያ ሒሳብ የሚያሳየው ግምጃ ቤቱንና ኩባንያውን ብቻ ነው። ቤቱን የተነጠቀ ሰው በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም።

የአሜሪካ ባንኮች ከሲሊከን ቫሊ ውድቀት ምን ተማሩ? በጁላይ 2023 ተቆጣጣሪዎቹ ትልልቆቹ ባንኮች ተጨማሪ ካፒታል እንዲይዙ የሚያስገድድ ረቂቅ አወጡ። ባንኮቹ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሳይቀር ዘመቱበት። በሴፕቴምበር 2024 ጭማሪው በግማሽ ያህል እንዲቀንስ ሐሳብ ቀረበ። በፌብሩዋሪ 2025 ማይክል ባር ከቁጥጥር ኃላፊነታቸው ወረዱ። በዚያው ዓመት ደግሞ ትልልቆቹ ባንኮች የሚይዙትን ካፒታል የሚያላላ ደንብ መጣ። ሁለት ዓመት ከምናምን ነው የፈጀው። ከ2008 በኋላ እንኳ አሥር ዓመት ወስዶ ነበር።

‘ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?’ የሚል አይጠፋም። ድሮ እውነቱን ነበር። የኢትዮጵያ ባንክ ለውጭ ዝግ ነበር፣ አክሲዮን ገበያ አልነበረም፣ ብሩም በመንግሥት ዋጋ ነበር የሚሄደው። የ2008ቱ ቀውስ በባንኮቻችን በኩል ብዙ ያልጎዳን ጠንቃቆች ስለነበርን አይደለም፣ በሩ ስለተዘጋ ነው። አሁን በጁላይ 2024 ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ሥራ ጀመረ። ሦስቱም በስድስት ወር ውስጥ።

በሩ መከፈቱን አልቃወምም። ውድድር ያስፈልገናል። ለአንድ ማኅተም ሦስት ቀን የሚያመላልስ ባንክ ጠንካራ ተፎካካሪ ቢመጣበት ደስ ይለኛል። እንዲያውም የእኛ ባንኮች ቁጥጥር አነሳቸው ማለት ይከብዳል። ከ2011 ጀምሮ የግል ባንኮች ካበደሩት ላይ 27 በመቶውን አስልተው የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፣ እስከ 2019 ድረስ። በ2023 ደግሞ የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተባለ። መመሪያ ሞልቷል። ግን ይህ ዓይነቱ መመሪያ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ የሚል ትእዛዝ ነው። አስቀማጩን የሚጠብቅ ቁጥጥር ሌላ ነገር ነው። ባንኩ ለማን አበደረ? ብድሩ በጥቂት ሰዎች እጅ ነው ወይ? አስቀማጩ ነገ ቢመጣ ይከፍላል ወይ? የመጀመሪያውን ለምደነዋል፣ ሁለተኛውን ገና እየተማርን ነው።

ኪሳራን ለሕዝብ ማሸከም ደግሞ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። መንግሥታዊ ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለዓመታት ተበደሩ፣ መክፈል አቃታቸው። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ይህን ዕዳ በመንግሥት ቦንድ ለመሸፈን እስከ 900 ቢሊዮን ብር ፈቀደ። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ መዳን ነበረበት፣ በዚያ አልከራከርም። ግን ብድሩ ሲሰጥ ‘ይህ አይመለስም’ ያለ ተቆጣጣሪ ነበረ ወይ? ከነበረስ ማን ሰማው? ኤአይጂን ለማዳን የወጣው ገንዘብ ቢያንስ ለየትኛው ባንክ ስንት እንደሄደ ታትሟል።

ፍጥነቱንም አይተነዋል። ሲሊከን ቫሊ ባንክ ከወደቀ ልክ በዓመቱ፣ በማርች 2024 አንድ ሌሊት፣ የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ከሌላቸው ሒሳብ ብር ሲያወጡ አደሩ። ወሬው በስልክና በመልእክት ከዶርም ዶርም ዞረ። ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። በመጨረሻ ባንኩ ግብይቱን አቆመ። 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጥቷል አለ፣ አብዛኛውንም በኋላ አስመልሷል። ያ የሲስተም ስህተት እንጂ የባንክ መሸሽ አልነበረም። ቢሆንም ወሬና ስልክ ሲገናኙ የኢትዮጵያ ባንክ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በነጻ የተሰጠን ፈተና ነው። ለክፉ ቀን የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው እስከ 100 ሺህ ብር ነው። በአሁኑ ምንዛሪ ከ1 ሺህ ዶላር በታች ማለት ነው። ለአብዛኛው አነስተኛ አስቀማጭ ይበቃል። ቤት ለመሥራት ዓመታት ላጠራቀመ ሰው አይበቃም።

ከሁሉም በላይ ግን የአይስላንድን ታሪክ ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የውጭ ባንክ ሲገባ ምን ዓይነት ወረቀት ይዞ እንደሚገባ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚያሳይ የለም። ላንድስባንኪ የሚባል የአይስላንድ ባንክ በ2006 እንግሊዝ አገር፣ በ2008 ደግሞ ሆላንድ ውስጥ አይስሴቭ የሚል የኢንተርኔት ቁጠባ ከፈተ። ጥሩ ወለድ ከፈለ። 300 ሺህ ያህል እንግሊዛውያን ገንዘባቸውን አስቀመጡ። የአይስላንድ ሕዝብ በጠቅላላው ያኔ 320 ሺህ ገደማ ነው።

ላንድስባንኪ እንግሊዝ የገባው በቅርንጫፍነት ነበር። እዚያው ካፒታል ያስመዘገበ፣ እዚያው ቦርድ ያለው ተቀጥላ ኩባንያ አላቋቋመም። ቅርንጫፍ ስለሆነ ዋናው ተቆጣጣሪው ሬይክያቪክ ነው፣ የመጀመሪያው ዋሱም የአይስላንድ መድን ፈንድ። ለንደን ያለው ተቆጣጣሪ በእጁ የነበረው ሥልጣን ጥቂት ነው። በኦክቶበር 2008 የአይስላንድ ሦስቱም ትልልቅ ባንኮች በሳምንት ውስጥ ወደቁ። እንግሊዝ ገንዘቡ እንዳይወጣ ለማገድ የያዘችው ሕግ የፀረ ሽብር ሕጓን ነው! ለራሷ አስቀማጮች ከኪሷ ከፍላ አይስላንድን ክፈይ አለች። የአይስላንድ ሕዝብ ሁለት ጊዜ በሕዝበ ውሳኔ እንቢ አለ። በ2013 ፍርድ ቤትም ለአይስላንድ ፈረደ። የባንኩ ንብረት ተሸጦ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ 2016 ገባ። እንግሊዝ ነች እንግዲህ። ጠበቃውም ገንዘቡም የፖለቲካ ጉልበቱም ያላት አገር።

የእኛ አዋጅ የውጭ ባንክ በተቀጥላም፣ በቅርንጫፍም፣ በእንደራሴ ቢሮም፣ አክሲዮን በመግዛትም እንዲገባ ይፈቅዳል። የውጭ ዜጎችና ድርጅቶች በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ የሚይዙት ድርሻ በድምሩ ከ49 በመቶ እንዳይበልጥም ይላል። ወሬው ሁሉ በዚህ 49 በመቶ ላይ ነው። ‘ባንካችን ሊሸጥ ነው’፣ ‘አይ፣ ካፒታል ያመጣል’ እየተባለ። ስለ ቅርንጫፉ የሚያወራ ብዙም አልሰማሁም።

የመጀመሪያው የውጭ ባንክ ‘ቅርንጫፍ ልክፈት’ ብሎ ሲያመለክት ብሔራዊ ባንክ ሦስት ነገሮችን በይፋ ቢመልስ እወዳለሁ። ዋናው ባንክ ቢወድቅ አዲስ አበባ ያለው ንብረት ቀድሞ የሚከፈልበት ለማን ነው፣ ለእኛ አስቀማጭ ወይስ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላለ አበዳሪ? ከባንኩ አገር ተቆጣጣሪ ጋር የመረጃ ልውውጥ ስምምነት ተፈርሟል ወይ፣ ‘ችግር አለ’ የሚለውን ወሬ ከማን ነው የምንሰማው? ከተራ ሰው በቅርንጫፍ በኩል ቁጠባ መሰብሰብስ ይፈቀድለታል፣ ወይስ ለዚያ ተቀጥላ ኩባንያ አቋቁሞ ካፒታሉን እዚህ ማስቀመጥ አለበት? ሦስቱም ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት በአንድ ገጽ ተጽፈው ሊለጠፉ የሚችሉ መልሶች ናቸው። አመልካቹ ባንክ በዚያ ሰሞን ሪኮርድ ትርፍ ቢያሳውቅ እንኳ።